የማያውቋትን ልጅ የለመኑት አያ እንድሪስ

አያ እንድሪስ ማክሰኞ ዕለት ወደ አኼራ ሄዱ። ስልኩ ሲጮህ የልጆቼን ዩኒፎርም እያጠብኩ ነበር። ሰምቼ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩና ስልኩን ዘግቼ ማጠቤን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ፣ ውሃው ቀርቧል፣ ሳሙናው ተመትቷል። አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ማጠቤን ያወቅኩት ልጄ "እማ፣ እሱ እኮ ታጥቧል" ስትለኝ ነው። ያኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መጦሪያው ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ። ለሁሉም አላለቅስም፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ለእሳቸው ግን አለቀስኩ።

መጦሪያው ከሚሴ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው ያለው። ጧሪ ያጡ አሥራ ምናምን አረጋውያን ይኖሩበታል። ስሜ መዲና ነው፤ ሥራዬ አስታማሚነት ይባላል፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት። ግማሹ ግን ጭቅጭቅ ነው። እሱን ሳልቀጠርም እችልበት ነበር።

አያ እንድሪስ የመጡ ቀን ከባጃጅ ወርደው ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው ያዩት። ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት ቆዩና "ሰውም ከብትም የሚያረጀው ከእግሩ ነው። አንቺ ገና ብዙ ትሄጃለሽ" አሉኝ።

"ምነው አያ፣ ልትሸጡኝ ነው?" አልኳቸው።

"ገዢ አላጣልሽም። ምላስሽን ግን ለገዢው አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል፤ ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው።"

አርባ ዓመት ሙሉ በሰንበቴ የከብት ገበያ ደላላ ነበሩ። ከቆላ የመጣውን አፋርና ከደጋ የወረደውን ገበሬ ያገናኛሉ፣ የሁለቱንም ቋንቋ ይሞክራሉ፣ መጨረሻ ላይ የገዢንና የሻጭን እጅ አጋጭተው "ተመቷል" ይላሉ። እሳቸው "ተመቷል" ካሉ በኋላ ዋጋ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። እሳቸውም ያሉትን አያነሱም። በዚህ ይኮሩ ነበር። ሾርባ አልጠጣም ካሉ አልጠጡም ማለት ነው፤ ቢርባቸውም፣ ብለምናቸውም፣ ብቆጣቸውም ያው ነው። ስንት ቀን ሾርባው ፊታቸው ቀዝቅዞ መልሼዋለሁ። አንድ ቀን "እኔ እርስዎን ለማብላት ከአላህ ዘንድ የተለየ ምንዳ ሊጻፍልኝ ይገባል" ስላቸው፣ "ይጻፍልሻል፤ ስድብሽ ይቀነስበታል እንጂ" አሉኝ።

የልባቸውን የነገሩኝ አንድ ከሰዓት የእግራቸውን ጥፍር ስቆርጥ ነው። ረቂያ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ዑመር የሚባል ልጅ ወዷት ሽማግሌ ላከ። ዑመር ከብት የሌለው፣ የሰው ሱቅ ተቀጥሮ ጨርቅ የሚሸጥ ነበር። አያ እንድሪስ "አይሆንም" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ አሁንም "አይሆንም።" ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ልባቸው እሺ ብሎ ነበር። ባለቤታቸውም እያለቀሱ ለምነዋቸዋል።

"ታዲያ ለምን እሺ አላሉም?" አልኳቸው መቀሱን አስቀምጬ።

"እንድሪስ ቃሉን አጠፈ እንዳልባል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብያቸው ገባሁ።"

በዚያው ሳምንት ረቂያ ከዑመር ጋር ኮብልላ ባቲ ገባች። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። እናቷ የሞቱ ጊዜ ለቀብር መጥታ ሴቶቹ መሃል አልቅሳ፣ አባቷን በእጇ ሳትነካ ተመለሰች።

"ለምን ሰው አይልኩባትም? ስልኳን ላፈላልግልዎት?"

"ምን ልላት?" አሉኝ። "አርባ ዓመት ገበያ ስውል ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም። ቃሉ አፌ ላይ የለም። መዲና፣ ሳልሞት አንድ ጊዜ ባያት ሌላ የምለምነው ነገር የለኝም። እሷ ግን አትፈልገኝም፤ እውነቷን ነው።" ከዚያ ሌላኛውን እግራቸውን ዘረጉልኝ።

ያን ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የመጦሪያው ኃላፊ አቶ ሙስጠፋ አረጋውያኑን ለአንድ ቀን እናዝናናቸው አሉ። የት እንደሚሄዱ ሲጠየቁ አያ እንድሪስ ሌላውን ሁሉ አሳምነው እሑድ ሰንበቴ ገበያ ተባለ። መንገዱ ሰላም መሆኑ ተጠየቀ፣ ጀማል የሚባል ባለ ሚኒባስ በነጻ አደርሳለሁ አለ። አቶ ሙስጠፋ ለፎቶ ያምር ዘንድ ሁሉም ነጭ ይልበስ ብለው አዘዙ። ስለዚህ አራት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢና ጥምጣም፣ ሦስት አሮጊቶች ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ሁሉም ዱላ ይዘው ተሳፈሩ። እኔም መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዤ ገባሁ። ያን ቀን ነጭ ያስለበሳቸውን ሰው አላህ ይቅር ይበለው።

ሰንበቴ ሳንደርስ የሚኒባሱ ራዲያተር ፈላ። ጀማል ከፍቶ አየና ቱቦው ተቀዷል፣ በባጃጅ ሄጄ ገዝቼ ልምጣ አለ። እኔም ሁሉንም አንድ በአንድ አውርጄ ከመንገዱ ገባ ብሎ ካለ ግራር ስር በተርታ አስቀመጥኳቸው። ግራሩ የአንድ ደህና ቆርቆሮ ቤት ደጅ ላይ ነው። ለመድኃኒት መዋጫ ውሃ ልለምን ወደ ታችኛው ጎረቤት ሄድኩ።

በእኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ በር አያንኳኳም። ነጭ ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ባለቤቱ ወጥቶ እስኪያየው ድረስ ደጅ ይቀመጣል። የእኛዎቹ ያደረጉት ልክ ይህንኑ ነው። ያውም አሮጊቶቹን ያየ ሰው ዱበርቲ ናቸው ይላል። ዱበርቲ ለዱዓ የሚሰበሰቡ ትልልቅ እናቶች ናቸው፤ ዱዓቸውም እርግማናቸውም ይደርሳል ስለሚባል ሰው ይወዳቸዋል፣ ይፈራቸዋልም።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ባለቤቱ ወጥቷል። ሐሰን የሚባል፣ ወፈር ያለ፣ ሽርጥ የታጠቀ ገበሬ ነው። ከኋላው በሩ ላይ ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ በጆግ ውሃ ይዛ ቆማለች።

"አካም ቡልተኒ" አሉት አያ እንድሪስ ቀና ብለው በኦሮምኛ፤ እንዴት አደራችሁ ማለት ነው።

"ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ሰላም ነው ማለቱ ነው። ድምፁ ግን ሰላም አልነበረውም። "ሁለት ጊዜ መልሼያችሁ ነበር። ዛሬ ለሦስተኛ ትመጣላችሁ ብለውኛል። ሰው ቀይራችሁ፣ ዱበርቲ ጨምራችሁ ትመጣላችሁ ግን አላሉኝም።"

ነገሩ ገባኝና "ኸረ እኛ እንኳን..." ብዬ ስጀምር የአያ እንድሪስ ዱላ እግሬን ነካ አደረገኝ።

"መዲና፣ ትልቅ ሰው ሲነጋገር ነው" አሉኝ። ዝም አልኩ። እኔን ዝም ማሰኘት ቀላል አይደለም፣ የሚያውቀኝ ያውቃል።

"አልሰጥም ብያለሁ" አለ ሐሰን። "አንዴ ተናግሬያለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

አያ እንድሪስ ፊታቸው ጥቁር አለ። ሐሰንን አላዩም፤ በሩ ላይ የቆመችውን ልጅ ነው ያዩት። ጆጉ እጇ ላይ አዘንብሎ ውሃው ቀሚሷ ላይ ይፈስሳል፣ እሷ አላወቀችም። አያ እንድሪስ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ያ የታመመ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ጎንበስ አሉና ከመሬት እርጥብ ሳር ነጩ። በሁለት እጃቸው ይዘው ሐሰን ፊት ቆሙ። ሳር ይዞ የለመነን ሰው ችላ ብሎ መግባት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

"ወንድሜ" አሉ። "ይቺን ተረት እኔም ተርቻታለሁ። ሽማግሌ ሦስቴ ደጄ መጣ፣ ሦስቴ መለስኩ። የተናገርኩት አልጠፋም፤ ይኸው እስካሁን አለ። የወለድኳት ግን ጠፋች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሌን ይዤ ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት፤ ውሃ አያቀብልም፣ አባ ብሎ አይጠራም። አንተ ልጅህ ገና በርህ ላይ ናት። ዞር ብለህ እያት።"

ሐሰን ዞር አላለም። በዚህ መሃል ግራሩን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸው የነበሩት አባ ሙሄ ነቁ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ወደ ከብት ገበያ እየሄዱ ነው፤ ሲነቁ አያ እንድሪስ ቆመው ከአንድ ገበሬ ጋር ይከራከራሉ።

"እንድሪስ፣ በሬው ስንት ተባለ?" አሉ ጮክ ብለው። "እንዳትቸኩል፣ መጀመሪያ ጥርሱን እይ።"

"ምን አሉ?" አለ ሐሰን።

"ዕድሜ ነው ወንድሜ፣ አትያዝባቸው" አሉ አያ እንድሪስ።

አባ ሙሄ ሁለተኛ አፋቸውን ሳይከፍቱ እማ ዘሀራ ዱዓ ጀመሩ። እማ ዘሀራ የመጦሪያው ዱዓ አድራጊ ናቸው፤ ለቁርስም፣ ለመድኃኒትም፣ ለራዲያተሩም ያደርጋሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው "ይህን ቤት ያ አላህ ከፍ አድርገው" አሉ። "አሚን" አልን። "ልጅቷን ከመረጠችው ጋር አኑራት።" "አሚን።" "መንታ ስጣት፣ አባቷ ጉልበት ላይ ይደጉ።" በዱበርቲ ዱዓ ላይ አሚን የማይል ሰው በአገራችን አልተፈጠረም። ሐሰንም ያኔ ዞር ብሎ ልጁን አያት። ጆጉን፣ የራሰውን ቀሚሷን አየ። መዳፉን ፊቱ ላይ አሳልፎ "አሚን" አለ። ልጅቷ ጆጉን እዚያው ጥላ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ከዚያ ግቡ ተባልን። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ እንጀራ በሥጋ ቀረበ፣ እርጎ ቀረበ። የእኛዎቹ መጦሪያ ውስጥ ሾርባ አልጠጣም የሚሉት ሰዎች ሰሐኑን ጠራርገው በሉ። ሐሰን አሁን ልቡ ስለለሰለሰ ጨዋታ ጀመረ።

"ልጁ እንዴት ነው?" አለ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አያ እንድሪስ እየጎረሱ።

"እናቱስ ከዚያ ሕመም ተሻላት?"

"አላህ አፊያ ያድርጋት።"

ሁለቱም መልስ ውሸት አልነበረም፤ እሳቸውም በኋላ የተከራከሩኝ በዚህ ነው። እኔ ግን እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ በሩን በሩን አያለሁ። የፈራሁትም አልቀረም፤ ጀማል በግራሶ ጥቁር ብሎ በሩ ላይ ብቅ አለና "ተሠርቷል። የመጦሪያ ሰዎች፣ ቶሎ ቶሎ እንውጣ፣ ገበያው ሊበተን ነው" አለ።

"የምን መጦሪያ?" አለ ሐሰን።

አያ እንድሪስ ወደ እኔ ዞረው "አሁን ተናገሪ" አሉኝ። የዛሬን አያርገውና እኔም ተናገርኩ። ከከሚሴ ለሽርሽር እንደወጣን፣ መኪናችን እንደተበላሸ፣ ጥላ ፍለጋ ደጁ እንደተቀመጥን።

"ልጁንስ?"

"አናውቀውም።"

"ስሙን?"

"ስሙንም።"

ሐሰን ከተቀመጠበት ተነሳ። ቆሞ ሊቆጣ ይሁን ሊያባርረን ሳይለይ፣ እውነተኞቹ ሽማግሌዎች ደረሱ። ሦስት ናቸው፣ በእግራቸው መጥተው ላብ በላብ ሆነዋል። ሰባት ነጭ ለባሽ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲበላ ሲያዩ ደማቸው ፈላ። "ለሌላ ሰጠሃት?" አለ አንደኛው ዱላውን ጨብጦ። "እኛን ሁለቴ መልሰህ እነዚህን ታበላለህ?" አባ ሙሄም ሰውየው ላይ ዱላቸውን አነሱ፤ በሬውን ሊሻሟቸው የመጣ መስሏቸው ይሆናል። እኔ መሃል ገባሁ፤ ጀማል አሮጊቶቹን ወደ መኪናው ያግዛል፤ እማ ዘሀራ እየወጡም ዱዓ ያደርጋሉ።

አያ እንድሪስ ብቻ አልተንቀሳቀሱም። "ሐሰን" አሉት። "እኔን ስደበኝ፣ መብትህ ነው። አሚን ያልከው ግን ለእኔ አይደለም። ልጅህን አይተህ ነው ያልከው።"

ሐሰን ወደ ጓዳው በር አየ። ከጓዳው የልጅቱ ድምፅ አይሰማም፤ እሷም ትንፋሿን ይዛ እያዳመጠች መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞሮ "ግቡ" አላቸው። "ምሳችሁን እነዚህ በልተውታል። ሌላ እስኪቀርብ ትጠብቃላችሁ።"

ሰንበቴን ሳናያት ተመለስን። አባ ሙሄ እስከ ከሚሴ ድረስ አኩርፈው መጡ። አያ እንድሪስ መስኮቱን ተደግፈው ውጭ ውጭውን ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ "መዲና፣ የልጅቱ ስም ማነው?" አሉኝ። አልጠየቅንም አልኳቸው። አቶ ሙስጠፋ ነገሩን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሽርሽር የሚባል ነገር በመጦሪያው ቀረ።

ወሬው ግን አልቀረም። እሑድ ሰንበቴ የዋለ ነጋዴ ሰኞ ባቲ ይውላል። የመጦሪያ ሽማግሌዎች የማያውቋትን ልጅ ለማያውቁት ልጅ ጠይቀው አገኙ እየተባለ አገሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ገበያ ስወጣ ሰው አስቁሞ እንድደግምለት ይጠይቀኝ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አያ እንድሪስን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ጉልበታቸውን ቅባት እያሸሁ ሳለ አንዲት ሴት ግቢው ገባች። አርባ ያለፋት፣ ቆፍጠን ያለች። ከኋላዋ ጺሙ የሸበተ ሰው ባጃጁ አጠገብ ቆሞ ቀረ። "አሰላሙ ዓለይኩም" አለች። አያ እንድሪስ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፅዋ ነው ያወቋት። እጃቸው እጄን ጭምቅ አደረገ። ሰላምታዋን መለሱ።

"ለእርቅ አይደለም የመጣሁት" አለች ረቂያ ቆማ። "የሚመጣው ጁምዓ ልጄን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። የባሌ ዘመዶች አያቷ በሕይወት እያለ አባቷ ብቻውን አይሰጥም ብለው አስቸገሩን። መጥተው ይቀመጡልን፣ ይስጡልን፣ እንመልስዎታለን።"

ይሄን አጥንታው የመጣች ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አላጠናችውም።

"ሰማሁ" አለች። "ለማያውቋት ልጅ ሳር ይዘው ለመኑ አሉ። ባቲ ገበያ ሰው እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ አልሳቅኩም። የኔም ሽማግሌዎች ሳር ይዘው ነበር እኮ አባ። ሦስቴም።"

"ይዘው ነበር" አሉ አያ እንድሪስ። ቆይተውም "ጁምዓ መቀመጥ አልችልም" አሉ።

እኔ ደሜ ፈላ። ይህን ያህል ዓመት አንዴ ልያት ሲሉ ኖረው፣ ዛሬ ደግሞ እንደዚያ ሾርባ አይሆንም ሊሉ ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ረቂያ ቀደመችኝ። "ለምን?" አለች።

"ያልሰጠኋትን ልጅ፣ ልጇን እንዴት ብዬ ልስጥ?"

ዱላቸውን ጠየቁኝ። ደግፌ አስነሳኋቸው። ከዚያች ወንበር እስከ ባጃጁ ስንት እርምጃ ነው፤ እሳቸው ግን ሁለቴ ቆመው አርፈው ነው የደረሱት።

"ዑመር ነህ?" አሉት።

"አዎ፣ አባ።"

"ሽማግሌ ልከህብኝ ነበር። መልሱን አቆየሁብህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ረቂያን ሰጥቼሃለሁ። አላህ ያግባባችሁ።"

ያ ጺሙ የሸበተ፣ ልጅ ሊድር የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ጠፋው። ከዚያ አዲስ ሙሽራ እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ቅባት የተቀቡትን ጉልበቶቻቸውን ሳመ። ረቂያ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ከአባቷ ቤት እንደምትወጣ ልጃገረድ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ለጁምዓ ብቻ ስለሆነ አንድ ቅያሪ ልብስ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋት። እሳቸው ግን እዚያው ባቲ ልጃቸው ዘንድ ስለቀሩ፣ የቀረውን ልብሳቸውን ለመውሰድ ዑመር በሁለተኛው ሳምንት ብቻውን መጣ።